የሐሙስ መቅዘፊያ

እንጨት ጠራቢ ነኝ፤ ንግግር አላውቅም።
ቄሱ በቀብሩ ዕለት «አንተም በል» ቢሉኝ፣
ባርኔጣዬን አሸሁ እንጂ ቃል አልወጣኝም።
ዛሬ ግን በሥራ ቤቴ፣ ግድግዳ ተደግፎ፣
አንድ መቅዘፊያ ቆሟል፣ የቀጠሮው ቀን አልፎ።

ኡሺዮ ይባላል። ዕድሜው አሥራ ሰባት።
(ይባላል? ወይስ ይባል ነበር?
ምላሴ ገና አልለመደም ይህንን ሰዋስው፤
እናቱንም ትናንት በ«ነው» አወራኋት፣ እየሰማኝ ሰው።)

በጋሊሲያ ዳርቻ፣ ዝናብ በማይጠግብ ወደባችን፣
አሥራ ሦስት ቀዛፊ፣ አንድ መሪ ይዛ ትወጣለች ጀልባችን፤
እሱ አራተኛው መደብ ላይ፣ በግራ በኩል።
ትከሻው በር ይሞላል።
ለሦስት መቅዘፊያ ለክቼዋለሁ፤ ከፊቱ ይበልጥ እጁን አውቃለሁ፤
ሲጨብጥህ ጫጩት የያዘ ይመስላል።

አምና ነሐሴ ላይ፣ በውድድሩ ዋዜማ፣
የወዲያ ማዶው መንደር፣ የባላንጣችን፣ አንድ መቅዘፊያ ተሰበረ።
እኩለ ሌሊት ላይ፣ ስባሪውን ተሸክሞ፣ ኡሺዮ በሬ ላይ ነበረ።
«እስከ ንጋት ይጠገናል፣ አጎቴ?»
«የነሱ አይደለም እንዴ? አንተ ምን አገባህ?» አልኩ በብስጭቴ።
«የነሱ ነው። እንጨቱ ምን አጠፋ?»
ባትሪ ይዞ አበራልኝ እስኪነጋ፣ ዓይኑ ሳያንቀላፋ።
በነጋታው በዚያው መቅዘፊያ አሸነፉን።
ቀድሞ ያጨበጨበላቸው ማን ይመስላችኋል?
እኔ ሦስት ቀን አላናገርኩትም።

ማክሰኞ ማታ ራቱን በልቶ፣ ሰሃኑን አጥቦ፣
ለእህቱ የክፍልፋይ ሂሳብ አስረድቶ፣ ማንቂያውን ሞልቶ ተኛ።
ጠዋት ማንቂያው ጮኸ። ጮኸ። ጮኸ።
ሐኪሞቹ «ልቡ ነው፤ ሲወለድ ጀምሮ ነው» አሉ።
ሠላሳ ዓመት ሳንቃ ሳገላብጥ፣
ላዩ ልስልስ፣ ውስጡ ስንጥቅ እንጨት ገጥሞኛል በየመሐሉ፤
በጣቴ አንኳኩቼ፣ ጆሮዬን አስጠግቼ፣ በድምፁ እለየዋለሁ።
የዚህን ልጅ ደረትስ ማን አንኳኳ?
ስንት ጊዜ አቅፎኛል! ጆሮዬ እኮ እዚያው ነበር፣ ደረቱ ላይ፤
ሳቁን ብቻ ሰማሁ።

መቅዘፊያውን ያዘዘኝ ከዚያ ሦስት ሳምንት በፊት ነው።
ሁለት ቋጠሮ ያለው ክር ይዞ መጣ፤
«በዚህ ልክ ሥራልኝ» አለ።
«ይህ ያንተ ልክ አይደለም፤ የልጅ ነው» ብለው፣
«የኔ ነው ያለው ማነው?
ለማንም እንዳትነግር» ብሎ ሳንቲሙን ቆጠረ፤
በጋውን ሙሉ ዛጎል ለቅሞ ያጠራቀመው ነበረ።
«ሐሙስ እመጣለሁ።»

ረቡዕ ጠዋት ሁለተኛውን ቫርኒሽ ስቀባ ደወል ሰማሁ።
ለሽማግሌ መሰለኝ፤ በብርድ ወራት ሽማግሌ ይሞታል።
ብሩሼን ነክሬ መቀባቴን ቀጠልኩ።
ያንን ብሩሽ እስካሁን አላጠብኩም።

እሑድ ጀልባዋ ወጣች፣ አራተኛው መደብ በግራ ባዶ።
«ሰው እንተካ» ያለ አልነበረም።
መሪው ቢታገላት፣ ቢቆጣት፣ ቢለምናት፣
ወደ ግራ ወደ ግራ ትላለች፣ ሰው እንደ ጠፋባት።

ወደቡ ላይ፣ የሌሎቹን ጃኬት ታቅፎ፣ ሾኤል ቆሟል፤
የመረብ ጠጋኟ ልጅ፣ አሥራ ሦስት ዓመቱ፣ ክንዱ እንደ ሸምበቆ፣
«ና ግባ» ያለው የለም እስከዛሬ፤
ቆሞ ያያል፣ ጃኬቶቹን ከዝናብ ጠብቆ።
ክሩ ኪሴ ውስጥ ነበር። ቋጠሮውን በጣቴ ዳሰስኩት፤
ወደ ልጁ ክንድ ግን አላስጠጋሁት።
ብለካው፣ ልኩ ቢሆን፣ መስጠቴ ነው።
ከሰጠሁት ደግሞ፣
ኡሺዮ ከእኔ የሚጠብቀው ሥራ የለም፤
የሚመጣበትም ሐሙስ የለም።

ነገ ሐሙስ ነው።
ልጁን እጠራዋለሁ፤ ይኸው ቃሌ።
ወይም፣ አሁን ብርሃን ላይ ሳየው፣
እጀታው አጠገብ
ሦስተኛ ቅብ ሳያስፈልገው አይቀርም።